ከማሽኑ በፊት ሞርሳው

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የማዘወትረው አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ባለፈው ሰሞን ስገባ የጠረጴዛ ፊት እያጣበቁ ነበር። አራት ጣውላ ጎን ለጎን ተደርድሯል። በየመገናኛው ነጭ ኮላ ተቀብቷል። ከዚያ ገመድ አመጡ። ጭነት የሚታሰርበት ወፍራም የፕላስቲክ ገመድ ነው። ጣውላዎቹን ሁለት ጊዜ ዞሩባቸውና ቋጠሩት። ገመዱ መሃል አጭር ዱላ አስገቡና ማጠንጠን ጀመሩ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ገመዱ ሲጢጥ አለ፤ ከመገናኛው ኮላው ፊጭ ብሎ ወጣ። ሦስተኛው ዙር ላይ የመሃሉ ሁለት ጣውላ ወደ ላይ ተነሣ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ከደጅ ድንጋይ አምጥተው ጫኑበት።

ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር አለ። ኮምባይን ማሽን። ባትሪ ድሪል። ራውተር (የእንጨት ጠርዝና ቦይ መቅረጫ)። ሳንደር (ማለስለሻ)። ከእያንዳንዱ ጎን ዋጋው ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፏል። የኮምባይኑ ዋጋ ብቻ አራት ጊዜ ተሰርዟል። የተጣበቁ እንጨቶችን አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያ፣ ሞርሳ፣ ግን የለበትም።

«ጋሼ፣ ሞርሳስ?» አልኳቸው።

«እሱስ በገመድም ይሆናል» አሉኝ። «አብሽር፣ ዋናው ማሽኑ ይምጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባሁበት ቤት ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ገንዘብ ቢገኝ መጀመሪያ ምን ይገዛል? ደሴ ሸዋ በር ጠይቄያለሁ፤ ኮምቦልቻም፣ ሐይቅ ከተማም ጠይቄያለሁ። መልሱ እንደ ዕድሜውና እንደ ሥራው ይለያያል። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩት አንጋፋዎች ኮምባይን ይላሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ደቃቅና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) እየቆረጡ የኩሽና ቁም ሳጥን የሚገጥሙት ወጣቶች ደግሞ ባትሪ ዕቃ፣ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ መጋዝና ጠርዝ መለጠፊያ ይፈልጋሉ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ። ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ሞተር ያለው ነገር ብቻ ነው። ምላጩን፣ ሞርሳውን፣ የእርጥበት መለኪያውን፣ የአቧራ መሳቢያውን የጻፈ ሰው አላገኘሁም። እኔ ደግሞ ወሎ ላይ የእንጨት ሥራን ወደ ኋላ የያዘው በአብዛኛው ይህ ያልተጻፈው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምባይን መመኘት ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ኮምባይን ማለት መጋዙ፣ መላጊያው፣ ውፍረት ማስተካከያውና መቦርቦሪያው አንድ ላይ የተሰበሰቡበት ማሽን ነው። ይህ የሌለው ሰው ጣውላውን ተሸክሞ ማሽን ቤት ይሄዳል። ወረፋ ይይዛል። አስልጎ ይመለሳል። ልኬቱ ሁለት ሚሊ ከበለጠ እንደገና ይሄዳል። ከፍሎ፣ ተሸክሞ፣ ቀኑን ጨርሶ ነው የሚገባው። የራሱ ማሽን ያለው ግን ጠዋት የጀመረውን በር ከሰዓት ይገጣጥማል። ጎረቤቶቹም አምጥተው ያስልጋሉ፤ ያ ራሱ ገቢ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ ንብረት ተዘርፏል። የብረት ገበታው ቀርቶ ዲናሞው የተነቀለ ማሽን በዓይኔ አይቻለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ማሽን ልጆቹን ያሳደገ ሰው ከዚያ ወዲህ በእጅ መላጊያ እየሠራ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግድግዳው ላይ ኮምባይን ብሎ ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ማሽኑ ሲመጣ የሚሰካበት መብራት ምን ዓይነት ነው? ይህን ማንም አይጠይቅም። ብዙዎቹ ትናንሽ ቤቶች የሚሠሩት በአንድ ፌዝ፣ ማለትም በተራው የቤት መብራት መስመር፣ በ220 ቮልት ነው። ትልልቆቹ ኮምባይኖች ደግሞ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ይፈልጋሉ። ማሽኑን ገዝተው ቆጣሪ እስኪቀየር በሸራ ሸፍነው ያስቀመጡ ሰዎች አሉ።

አንድ ፌዝ ላይ የሚሠራው ትንሹ ኮምባይንም የራሱ ጣጣ አለው። የዲናሞ ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ነው የሚወርደው። 220 መሆን የነበረበት መብራት ማታ ላይ 180 ከሆነ ቮልቱ የቀነሰው 18 በመቶ ያህል ነው። የዲናሞው የማዞር አቅም ግን በሲሶ ይቀንሳል። ባለሙያው «ማሽኑ ሰነፈ» ይላል። እንጨቱን የበለጠ ይገፋል። ዲናሞው ይግላል። ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣና ሰውየው ዲናሞ ለማስጠቅለል ይሄዳል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ ነው። ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ 30 ሜትር ቢሆንና የተዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ የመብራት ገመድ ቢሆን እናስላው። ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ዲናሞ ወደ 15 አምፔር ይስባል። ሲሠራ ገመዱ ብቻውን ከ10 ቮልት በላይ ይበላል። ዲናሞ ሲነሣ ደግሞ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ያኔ የሚበላው 50 ቮልት ይደርሳል። ባለ 4 ገመድ ቢሆን ሲሠራ 4 ቮልት፣ ሲነሣ 20 ቮልት ገደማ ነው። ልዩነቱ የአንድ ገመድ ዋጋ ነው። ብዙ መቶ ሺህ ብር የወጣበት ማሽን በቀጭን ገመድ ሲታነቅ ማየት ያሳዝናል።

ወደ ባትሪው ልሂድ። ወጣቶቹ ባትሪ ድሪል የሚወዱት በምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ደንበኛ ቤት ሄዶ ለመግጠም ገመድ መጎተት የለም። ቪቴ በእጅ ማጥበቅና በባትሪ ማጥበቅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ማታ የእጅ አንጓ ይመሰክራል።

ገበያው ላይ ግን በቁጥር የሚሸጥ ብዙ ማታለያ አለ። አንዱ 18 ቮልት ይላል፣ አንዱ 20፣ አንዱ 21። ሦስቱም አንድ ናቸው። ውስጣቸው አምስት ሴል፣ ማለትም አምስት ትንንሽ ባትሪ፣ ተደርድሯል። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልት 3.6 ነው፤ በአምስት ሲባዛ 18። ሙሉ ሲሞላ አንዱ 4.2 ይደርሳል፤ በአምስት ሲባዛ 21። ስለዚህ «20 ነው፣ ከ18 ይበልጣል» ተብሎ የተጨመረ ብር ካለ ለቁጥር የተከፈለ ነው። 48፣ 88፣ 98 የሚሉ ቁጥሮች የታተሙባቸው ርካሽ ድሪሎችም አሉ። የእነሱ ቁጥር ከባትሪው ቮልት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ማየት ያለብን ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚናገረውን የአምፔር ሰዓቱን ነው። 18 ቮልትና 4 አምፔር ሰዓት ማለት 72 ዋት ሰዓት ነው። ለድሪል ይህ ብዙ ነው፤ ግማሽ ቀን ያሠራል። ባለ 1,200 ዋት መጋዝ ግን በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራበት አራት ደቂቃ አይሞላም። ለዚህ ነው «ሁሉንም በባትሪ» የሚለው ሐሳብ ለእኛ ቤት ገና የማያዋጣው። ለመግጠምና ለመብሳት ባትሪ፣ ለመቁረጥና ለመላግ መብራት ላይ የሚሰካ። እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ።

አንድ ቀላል ፈተና ልንገራችሁ። የ4 አምፔር ሰዓት ባትሪ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሴል አለ፤ አምስት አምስት ሆነው በሁለት ረድፍ። አንዱ ወደ 45 ግራም ይመዝናል። ሴሎቹ ብቻ ግማሽ ኪሎ ይጠጋሉ ማለት ነው። ላዩ ላይ 4 ተብሎ የተጻፈ ባትሪ ሚዛን ላይ 300 ግራም ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። ሸዋ በር ላይ ሚዛን የሌለው ሱቅ የለም። አስመዝኑት።

ሌላው ባትሪዎቹ እርስ በርስ የማይገጥሙ መሆናቸው ነው። የአንዱ ኩባንያ ባትሪ ለሌላው አይሆንም። አንድ ኩባንያ ውስጥም ይለያያል። የቦሽ ሰማያዊውና አረንጓዴው የ18 ቮልት ባትሪ አይቀያየሩም፤ የማኪታ ባለ 18ና ባለ 40ም እንደዚያው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ድሪል የሚገዛ ሰው የሚቀጥሉትን አምስት ዓመታት ዕቃውን ሁሉ እየመረጠ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች የትኛውን እንደያዙ አይቶ ያንኑ ቢይዝ፣ ቢያንስ ባትሪ ይዋዋሳል፤ ቻርጀር ሲበላሽም ሰው አያጣም።

ዋጋውስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት የባንክ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ድሪሉም፣ ምላጩም፣ ኩሽኔታውም በዶላር የሚመጣ ነው። የጋሼ ግድግዳ ላይ አራት ጊዜ የተሰረዘው ዋጋ የዚህ ታሪክ ነው።

መንገዱ ደግሞ አለ። ከጅቡቲ በመኪና የሚገባው ዕቃ ጋላፊን አልፎ ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይም ደረቅ ወደብ አለ። ዕቃው ግን በአብዛኛው ወደ አዋሽ ታጥፎ አዲስ አበባ ይገባል። መርካቶ ይራገፋል። ከዚያ ደሴ ያለው ነጋዴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይገዛውና 400 ኪሎ ሜትር መልሶ ያመጣዋል። በአጠገባችን አልፎ የሄደውን ዕቃ ነው ዞሮ ሲመጣ የምንገዛው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ አንዲት ካርቦን፣ ዲናሞው ውስጥ መብራት የምታስተላልፈው ትንሽ ቁራጭ፣ ለሁለት ሳምንት ትጠፋለች። ያለ እሷ ድሪሉ የብረት ቁራጭ ነው። የኮምቦልቻና የደሴ ነጋዴዎች ተባብረው በኮምቦልቻ በኩል ቢያስገቡ ዋጋው ምን ያህል እንደሚወርድ ቁጭ ብለው ቢያሰሉት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ፣ ወደማይጻፈው ዝርዝር።

ምላጭ ልጀምር። የገባሁባቸው ብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ ምላጭ ብቻ አለ። ጣውላውም፣ ሞራሌውም፣ ኮምፔንሳቶውም፣ ኤምዲኤፉም በዚያው ይቆረጣል። በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ለመሰንጠቅ ጥርሱ ጥቂት የሆነ፣ 24 አካባቢ ያለው ምላጭ ነው የሚያስፈልገው። ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ ለመቁረጥ ግን 60 እና ከዚያ በላይ። በ24ቱ ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል። በ60ው ደረቅ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ይግላል፣ ያጨሳል፣ ጠርዙን ያጠቁረዋል። ከዚያ ስድቡ ማሽኑ ላይ ይወርዳል።

ጥርሱ ጫፍ ላይ ካርባይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር የተበየደበት ምላጭ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከተራው ብረት ግን በብዙ እጥፍ ይቆያል። ችግሩ መሳያው ነው። ካርባይድ በሞረድ አይሳልም። የአልማዝ ድንጋይ ይፈልጋል። በትክክል የሚስል አንድ ሰው ደሴ ላይ ቢቀመጥ መቶ ቤት ይጠቅማል። ይህ ለአንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት በራሱ ሥራ ነው። ከኮምባይን ማሽን እጅግ ባነሰ ገንዘብ ይጀመራል።

ሁለተኛው ሞርሳ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላውራ፤ ልቤን የሚያቃጥለኝ ይህ ነውና።

ኮላ ብቻውን አይይዝም። ግፊት ይፈልጋል። ሁለቱ እንጨቶች ተፋጠው፣ መሃላቸው ወረቀት የማያስገባ ሆኖ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ሳይነቃነቁ መቆየት አለባቸው። ሙሉ ጥንካሬው የሚመጣው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነች ከዚያም ይዘገያል። በትክክል የተጫነ መገናኛ ሲሰበር የሚሰበረው እንጨቱ ነው፤ ኮላው አይለቅም። በገመድ የታሰረው ግን ግፊቱ አንድ ቦታ ይበዛል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ላለው ጠረጴዛ ስድስት ሞርሳ ያስፈልጋል፤ በየ25 ሴንቲው አንድ። ሦስቱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች፣ እየተፈራረቁ። እንደዚያ ሲሆን ጣውላው ወደ ላይም ወደ ታችም መነሣት አይችልም። ጋሼ ድንጋይ የጫኑበት ያ ጉብታ አይፈጠርም ነበር። ሲደርቅ ያንን ጉብታ በእጅ መላጊያ ሲያወርዱ ግማሽ ቀን እንደፈጀባቸው አውቃለሁ፤ አብሬያቸው ነበርኩ።

ሞርሳ የሌለው ሰው ምስማር ይመታል። ምስማሩ ደረቁን እንጨት ይሰነጥቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንበሩ ይነቃነቃል። ደንበኛው ደግሞ «የአገር ውስጥ ዕቃ እንዲህ ነው» ብሎ ከውጭ የመጣውን ይገዛል። ይህ አባባል ያንገበግበኛል። ሙያው እኮ አለ። ላስታ ሄዶ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ያውቀዋል። ዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይቀድማል። ስምንት መቶ ዓመት አልፎትም የጣሪያው እንጨት በጌጡ ላይ እንዳለ ነው። መጋጠም የሚያውቅ እጅ ከዚህ አገር ጠፍቶ አያውቅም። እጁ የሚይዝለትን ነው ያጣው።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ይገባል። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባቲ ከዚያም ትወርዳለች፣ ሙቀቷም የታወቀ ነው። ደሴ ላይ በእርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራ ቁም ሳጥን ባቲ ሲወርድ ምን ይሆናል? ይደርቃል። ሲደርቅ ይጠባል። ሲጠብ በሩ ይጣመማል፣ የጎኑ ጣውላ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ በመጠማዘዝ የታወቀ ነው። ለቤት ዕቃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ መድረስ አለበት። አዲስ የተቆረጠው ከ50 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። በጥላ አየር ላይ ሲደርቅ ሁለት ሴንቲ ተኩል ውፍረት ላለው ጣውላ እስከ አንድ ዓመት ይባላል።

አንድ ዓመት የሚጠብቅ ገንዘብ ያለው ማን ነው? ይህ ገብቶኛል። ግን ቢያንስ ማወቅ ይቻላል። ሁለት መርፌ ያላት የእርጥበት መለኪያ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። እሷ ከሌለች አንድ ቁራጭ ጣውላ ቆርጦ በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከቤቱ አየር ጋር ተስማምቷል። የጣውላው ክምር ላይ ቀኑን በእርሳስ የሚጽፉ፣ መሃል መሃሉ ላይ ቀጭን እንጨት እያስገቡ የሚደረድሩ አንድ ሰው ሐይቅ ላይ አግኝቻለሁ። ደንበኞቻቸው ከወልድያ ድረስ ይመጣሉ። ማሽናቸው አሮጌ ነው።

አቧራና ጣት ቀረኝ። አቧራው ላይ አጭር ልሁን፤ ነገሩ ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንጨት አቧራን ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። አፍንጫና በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶች ነው የሚያጠቃው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ሙጫ የያዘ ነው። ወጣቶቹ ግን ፎጣ አፋቸው ላይ ጠምጥመው ኤምዲኤፍ ሲቆርጡ ይውላሉ። ፎጣ ሰጋቱራውን እንጂ ዓይን የማያየውን ደቃቅ አቧራ አይይዝም። ጥሩ ማስክ፣ መስኮት ላይ የተገጠመ አየር አስወጪ፣ ከተቻለ አቧራ የሚስብ ማሽን። ይህን የምለው አፍንጫው እየደማ የሚሠራ አብሮ አደግ ስላለኝ ነው።

ስለ ጣት ግን ዝም ማለት አልችልም። ግራይንደር ላይ የእንጨት ምላጭ ገጥሞ መቁረጥ በየቦታው ይታያል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ለእንጨት የተሠራው የእጅ መጋዝ ከዚያ ግማሹን ነው የሚዞረው። ምላጩ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም። መከላከያውም ለእንጨት የተሠራ አይደለም። ምላጩ እንጨቱ ውስጥ ሲታነቅ ዕቃው ወደ ሰውየው ይመለሳል፤ ወደ እጅ፣ ወደ ጭን፣ ወደ ፊት። አሜሪካ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ጣት ሲነካው በ5 ሚሊ ሰከንድ (ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ አምስቱ እጅ) ውስጥ የሚቆም የገበታ መጋዝ ይሸጣል። እሱን አሁን ማለም አይጠበቅብንም። ኮምባይኑ ላይ አብሮ የመጣውን ክዳን «ሥራ ያስቸግራል» ብሎ አለመንቀል፣ እንጨቱን መጨረሻ ላይ በጣት ፋንታ በቁራጭ እንጨት መግፋት በቂ ነው። መግፊያዋን ከውዳቂ ጣውላ በአሥር ደቂቃ መሥራት ይቻላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለምን ዝርዝሩ ላይ አይገባም? አንዱ ምክንያት ብድሩ ነው ብዬ አስባለሁ። ማሽን ለመግዛት የሚያግዝ መንገድ አለ። የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚባለው ነው። በክልላችን ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ይህን ይሠራል። ደንበኛው በተለምዶ 20 በመቶ ይቆጥባል፣ ተቋሙ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጠዋል፣ እየሠራ ይከፍልና ማሽኑ የራሱ ይሆናል። ማሽኑ ራሱ መያዣ ስለሆነ ቤት ለሌለው ሰው ይመቻል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ወለድ የማይነካ ሰው ብዙ ነው። ለእሱ ከወለድ ነፃ የሆነው ሙራበሃ አለ። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። በ2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ በዚህ ሥርዓት የቆመ ነው፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው።

ሁለቱም መንገዶች ግን የሚጀምሩት ከፕሮፎርማ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ይጻፋል፤ ኮምባይን ማሽን። የመብራት ገመዱ የለም። ሁለተኛው ምላጭ የለም። ስድስቱ ሞርሳ የለም። ማሽኑ ቤት ሲገባ የሰውየው ቁጠባ አልቋል። የወሩ ክፍያ መቁጠር ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ምላጭ ለመግዛት ኪሱ አይፈቅድም። ስለዚህ አዲሱን ማሽን በደነዘ ምላጭና በቀጭን ገመድ ያሠራዋል።

ምክሬ ቀላል ነው። ፕሮፎርማ ስታስጽፉ አንድ ዕቃ አታስጽፉ። ሻጩን «ማሽኑ ከነ ሙሉ ዕቃው» በሉት። የመብራት ገመዱ፣ ሁለት ምላጭ፣ ትርፍ ቺንጋና ኩሽኔታ፣ ሞርሳው በዚያው ወረቀት ላይ በየመስመሩ ይጻፍ። አበዳሪዎቹም ይህን ቢያበረታቱ ራሳቸውን ይጠቅማሉ፤ የቆመ ማሽን ወርሃዊ ክፍያ አያመጣም። ጓደኛሞች ከሆናችሁ ደግሞ ራውተሩንና የእርጥበት መለኪያውን በጋራ ግዙ። በሳምንት አንድ ቀን የሚነካ ዕቃ አራት ቤት ውስጥ አራት ጊዜ መገዛት የለበትም።

ሁሉም ነገር ደግሞ ከመርካቶ መምጣት የለበትም። ምላጭና ባትሪ እዚህ አይሠራም። ሞርሳ ግን ይሠራል። አንድ ሜትር ተኩል ጠንካራ ብረት፣ ጫፉ ላይ የተበየደ ነት፣ በነቱ ውስጥ የሚሽከረከር ወፍራም ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ማቆሚያ። ይኸው ነው። በደሴ ያለ ማንኛውም በር የሚበይድ ሰው ይሠራዋል። ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክን የመሰሉ ኮሌጆች የብረት ሥራም የእንጨት ሥራም ያስተምራሉ። የአንዱ ክፍል ተማሪዎች ለሌላው ክፍል ሞርሳ ቢሠሩ፣ ከዚያም ናሙናውን ለከተማው በያጆች ቢሰጡ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ገመድና ድንጋይ ከብዙ ቤት ይወጣል።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። በሳምንቱ ስመለስ ከጎረቤታቸው በያጅ ጋር ቆመዋል። አንድ ሞርሳ ተሠርቷል። ዘንጉ ትንሽ ይከብዳል፤ ጋሼ የሞተር ዘይት ጠብ አደረጉበት። ሁለት ጣውላ አምጥተው ኮላ ቀቡና አጠበቁት። ኮላው ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ክር እኩል ሆኖ ወጣ። በጣታቸው ዳበሱት። ዝቅ ብለው በአንድ ዓይናቸው ጠርዙን አዩት። ጣውላው አልተነሣም።

«ስንት ነው ያልከኝ?» አሉት በያጁን።

ዋጋውን ነገራቸው።

«አምስት ጨምርልኝ» አሉት። «ለስድስቱ ግን እንደ ጎረቤት ነው የምትቆርጥልኝ።»

ገመዱ አሁን በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ትናንት የተጠናቀቀ ጠረጴዛ ባጃጅ ላይ ሲያስሩበት አየሁ።